የከሃዲ አረማመድ

እጮኛዬ የነገረኝ እናቱ ቤት ደጃፍ ላይ ደርሰን፣ ደወሉን ከተጫነው በኋላ፣ በሩ ሊከፈት ሲል ነው።

«በነገራችን ላይ፣» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «ሱፐርቫይዘር ናት ብያቸዋለሁ።»

«ማን ናት ሱፐርቫይዘር?»

«አንቺ። የአስተናጋጆቹ አለቃ። ትንሽ ነገር ናት፤ እንዳታበላሺብኝ።»

እኔ አስተናጋጅ ነኝ። አለቃም፣ የአለቃ ምክትልም ሆኜ አላውቅም። ሳህን ተሸክሜ ነው የምኖረው፣ ደግሞም አሳምሬ ነው የምሸከመው። ይሄ ሰውዬ ራሱ ከባንክ ቤት ለምሳ እየመጣ፣ «አራት ሳህን ክንድሽ ላይ ደርድረሽ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስታልፊ አይቼ ነው ልቤ እዚያው የቀረው» ብሎ የማለልኝ ሰው ነው። አሁን ያንኑ ክንድ እናቱ ደጃፍ ላይ ሊደብቀው ፈለገ። በጥፊ ልለው እጄን ሳነሳ በሩ ተከፈተ። እጄን ወደ ሰላምታ አዞርኩት።

የከፈቱልን እናቱ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ወለሉ ዛሬም ከሥራቸው የሚንቀሳቀስ ይመስል እግራቸውን ከፈት አድርገው ነው የሚቆሙት። አማት ሙሽራን ከእግር እስከ ራስ ታያለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እሳቸው ግን እግሬን ብቻ አይተው ጨረሱ።

«ግቢ፣ ልጄ። ሱፐርቫይዘሯ አንቺ ነሽ?»

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እሱ «አዎ» አለ።

ምሳው ላይ የደረሰብኝን መከራ የሚያውቀው የሙያ ባልደረባዬ ብቻ ነው። ሱፐርቫይዘር ሳህን አይደራርብም። የእህቱ ባል ሾርባውን ጨርሶ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ሲያጋድመው እጄ ሳላዘው ብድግ አለ፤ ይዤ ጭኔ ሥር ሸጎጥኩት። ባዶ ሳህን ከፊቴ ተቀምጦ እያየሁ ዝም ማለት ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» አለማለት ነው። ደግሞ ከሁሉ የባሰው፣ እጮኛዬ ለናቱ «ከሥሯ ብዙ ሰው አለ» እያለ ይቀጥላል። ከሥሬ ያለው ወንበር ብቻ ነበር። ያን ሰዓት ጠላሁት፤ መውደዴ ግን አልቀረልኝም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ጠረጴዛው ሳይነሳ እህቱ ስልኳን አወጣች። መኪና መንዳት አስተማሪ ናት፤ ድምጿም ፍሬን ያዝ የሚል ድምፅ ነው። «በሉ ግቡ» አለች። በዚህ ቤት እሑድ ከምሳ በኋላ ሰው አያወራም ለካ፤ ይገዳደላል።

ጨዋታው ለማያውቅ እንዲህ ነው። ሁሉም በየስልኩ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ሰው ባርኔጣ ያጠለቀች አንዲት አሻንጉሊት አለችው። አሻንጉሊቷ እየዞረች ትሠራለች፤ አምፖል ትቀይራለች፣ ቦይለር ትሞላለች፣ ዕቃ ቤት ገብታ ካርቶን ትደረድራለች። አጠገቧ ያለውን እንጂ ሩቅ አታይም። ከተጫዋቾቹ አንዱን ግን ስልኩ በምስጢር ከሃዲ ያደርገዋል። የከሃዲ ሥራ ሠራተኛ መስሎ መዞርና ብቻውን ያገኘውን መድፋት ነው። ሬሳ በተገኘ ቁጥር ሁሉም ይጨቃጨቅና ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ ያረፈበት ይባረራል። ከሃዲው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከቀረ አሸነፈ ማለት ነው።

የዚህ ቤት ሕግ ደግሞ ሌላ ጨምሮበታል። የሞተ ሰው ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ይህ ሕግ የወጣው በእህቱ ባል ምክንያት ነው። ሰውዬው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሬዲዮ ይሉታል። ሞቶም አያርፍም ነበር፤ ገዳዩን በቅንድቡ እየጠቆመ ስንት ጨዋታ አበላሽቷል አሉ።

«ከሃዲ በአረማመዱ ነው የሚታወቀው፣» አለች እህቱ፣ ለእኔ ለአዲሷ ስታስረዳ። «እንደ መጥፎ ሹፌር ነው። ሳያስፈልገው ይፈጥናል፣ ሳያስፈልገው ይቆማል። ግድግዳ ታኮ ይሄዳል። ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይራል።»

«እኔ ከሃዲ ስሆን ጥግ ይዤ ነው የምጠብቀው፣» አለ ሬዲዮ።

«ለዚህ ነው ሳትያዝ የቀረህበት ቀን የሌለው።»

ስልኬ ነዘር አለና በቀይ ጽሑፍ «ከሃዲው አንቺ ነሽ» አለኝ። ቀልቤ ተገፈፈ። ይሄ ስልክ ደጃፍ ላይ የተባባልነውን ሰምቷል እንዴ? ባሸንፍ አማቴ ፊት የለየልኝ ቀጣፊ፣ ብሸነፍ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ተብዬ አራት ሰው መምራት ያቃተኝ ጅል ልሆን ነው። ቀና ብዬ እጮኛዬን አየሁት። ፈገግ አለልኝ። ፈገግታው አናደደኝና፣ እንግዲያው አሳይሃለሁ አልኩ።

ሰው መደበቅ ማለት ጥግ መያዝ ይመስለዋል። ምስኪን። ጥግ የያዘ አስተናጋጅ ወዲያው ይታያል፤ ሥራ ፈትቷል ይባላል። ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ የማይታየው መሀል ለመሀል የሚሄደው ነው፣ እጁ ላይ ዕቃ እስካለ ድረስ። የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት ይህንን ነው፤ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ባዶ እጅሽን አትመለሺ። ትሪ የያዘን ሰው ማንም ወዴት ነህ አይለውም። ስለዚህ ቢጫ ባርኔጣ ያጠለቀችው አሻንጉሊቴ አንድም ጊዜ ያለ ጉዳይ አልተራመደችም። ወደ ቦይለሩ ሄደች፣ ቦይለር ለመሙላት የሚበቃውን ያህል ቆመች፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ። አልፈጠነችም። የሚሮጥ አስተናጋጅ ሁሉም ሰው ይጠራዋል።

ሬዲዮ ስልክ ውስጥም ብቻውን መሄድ አይወድም፤ ራሱ ተከተለኝ። እንግዳ ወደ ጠረጴዛው እንደምሸኝ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ በትከሻው በኩል ሄድኩ። እዚያ ያለን ሰው አይን አያገኘውም። ዕቃ ቤት ገባን። ካርቶኑ ላይ ሲያቀረቅር ደፋሁት።

«ወይ ጉድ፣» አለ ሬዲዮ በቀስታ፣ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ በሌላኛው በር ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቀይ ባርኔጣ ያላት አሻንጉሊት ቆማለች። እናቱ ናቸው። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ እንደ መስታወት ያዩታል። ከገባን ጀምሮ ከዚያች ኮሪደር አልወጡም። ጨዋታው አልገባቸውም ብዬ አዘንኩላቸው፤ ወደ እኔ ሲራመዱ ቆም ብዬ በአክብሮት አሳለፍኳቸውና ወደ ቦይለሬ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ሥራ ሥሪ እንጂ፣» አለች እህቱ።

«እየሠራሁ ነው።»

ሬሳውን እጮኛዬ አገኘው። ጭቅጭቅ ተጀመረ። እህቱ እናቷን ጠረጠረች፤ ሥራ የማይሠራና ኮሪደር ላይ የሚገተር ሰው ከሃዲ ነው አለች። እኔ ትንሽ ነው የተናገርኩት። እንግዳ ሲጨቃጨቅ አስተናጋጅ አስተያየት አይሰጥም። «እኔ ቦይለር እየሞላሁ ነበር» ብቻ አልኩ።

«ልክ ናት፣ ቦይለር ጋ ነበረች፣» አሉ እናቱ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ በልቤ። ድምፁ ተበታተነና ማንም ሳይባረር ቀረ።

እህቱ ግን ከባድ ናት። በየበሩ ትቆማለች፣ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ከዚያ ትገባለች፤ መስታወት ቢኖራት መስታወትም ታይ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው ሥራ ላይ ነው። አምፖል ክፍል ገብታ ቀና ብላ እስክትቀይር ጠበቅኩ፤ ስጠብቅም ቆሜ አይደለም፣ በክፍሉ ዙሪያ ጉዳዬን ይዤ ነው። በትከሻዋ በኩል መጣሁ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ወንበሯን አዞረች። አዙራም ለግድግዳው፣ «መስታወት አለማየት ነው» አለችው።

አሁን እዚህ ጋ ሰነፍ ከሃዲ ይሸሻል። እኔ አልሸሸሁም። ሾርባ የደፋ አስተናጋጅ ብልህ ከሆነ መጀመሪያ መጥረጊያ የሚጠራው ራሱ ነው፤ ያኔ ሁሉም የደፋው ሌላ ይመስለዋል። ስለዚህ በአንዱ በር ወጣሁ፣ ዞሬ በሌላው ገባሁ፣ ሬሳውን «አገኘሁት»።

ሦስት ሰው ቀረን፤ እኔ፣ እሱና እናቱ። አንድ የተሳሳተ ድምፅ ከተሰጠ ጨዋታው የእኔ ነው። የጨዋታው ሰዓት ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። እጮኛዬ ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ፤ እሷማ ሬሳውን ያገኘችው ናት» አለ። ጣቱ እናቱ ስም ላይ ሊያርፍ ነው። ማሸነፌ ነው አልኩ።

እናቱ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አውቶቡስ ላይ ትኬት የሌለውን ሰው በፊቱ ይዤው አላውቅም፣» አሉ። «ፊቱን ሁሉም ያሳምራል። እግሩ ነው የሚናገረው። ይቺ ቢጫ ባርኔጣ በገባችበት በር አትወጣም። ዕቃ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ እናንተ ሁላችሁ በሚቀርባችሁ በር ገብታችሁ በዚያው ትወጣላችሁ። እሷ ቢርቃትም በግራ ገብታ በቀኝ ነው የምትወጣው። ሰው ከፊቷ ከመጣ ደግሞ ቆማ ታሳልፋለች። ሰው ገድላ ስትወጣ እንኳ ቆማ አሳለፈችኝ።»

ከግድግዳው በኩል ሬዲዮ በአፍንጫው ሳቀ። ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው።

«የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ምግብ ቤት ነበር፤ ስንት ዘመን ምሳዬን የበላሁበት። የወጥ ቤቱ በር ሁለት ነው፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። በመግቢያው የወጣ ሾርባ ከሾርባ ያጋጫል። እዚያ የሠራ ሰው ገነትም ቢገባ በሌላ በር ነው የሚወጣው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከሃዲዋ አንቺ ነሽ። እሱ ጨዋታ ነው። ግን አንቺ አለቃ ሆነሽ አታውቂም። አለቃ መንገድ አይለቅም።»

አመል ያወጣል ከመሀል ይሉት ነገር በእኔ ደረሰ። ሰው ፊት እንዲያ ተደብቄ፣ እግሬ አጋለጠኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

«እማዬ፣» አለ እጮኛዬ ተንተባትቦ፣ «አስተናጋጆቹን ስትቆጣጠር ስለምትውል ለምዶባት ይሆናል እኮ፤ የእነሱ አካሄድ—»

«አንተን አልጠየቅኩህም።»

መዋሸት እችል ነበር። አረፍተ ነገሩን እሱ ጀምሮልኛል፣ መጨረስ ብቻ ነው የቀረኝ። ግን እዚህ ቤት የማገባ ከሆነ፣ ዕድሜ ልኬን እጄን ጭኔ ሥር ሸጉጬ ልበላ ነው? ዕድሜ ልኬን ሰው ሳህኑን ባጋደመ ቁጥር? አልቻልኩም።

«አስተናጋጅ ነኝ፣» አልኩ። «ሱፐርቫይዘር መሆኔን የሰማሁት እርስዎ በሩን ሲከፍቱ ነው። እኔ በሥራዬ አላፍርም። ያፈረብኝ እሱ ነው፣ ይህንንም ገና ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ለመሄድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቦርሳዬ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ።

«ዛሬ አይደለም የጀመረው፣» አሉ እናቱ፣ እኔን ሳይሆን ልጃቸውን እያዩ። «ተማሪ ሆነህ ከጓደኞችህ ጋር እኔ ያለሁበት አውቶቡስ ላይ ወጣህ። ትኬት ስል ትኬትህን ሰጠኸኝ። እማዬ አላልክም። ጫፉን ቀድጄ መለስኩልህና አለፍኩ። ማታ እራትህን አቀረብኩልህ፣ እኔም ምንም አላልኩም።»

የእጮኛዬ ፊት ከክራቫቱ በላይ ልጅ ሆነ። «ያላወቅሽኝ መስሎኝ ነበር፣» አለ።

«ልጄን አላውቀውም? እንዳታፍር ብዬ ነው ያላወቅኩህ።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ከመጀመሪያው ሬሳ ጀምሮ አውቀሽ ነበር ማለት ነው?» አለች እህቱ ከግድግዳው። «ታዲያ እኔ እስክሞት ለምን ዝም አልሽ?»

«ትኬት የሌለውን ሰው ወዲያው አልይዝም፤ መጀመሪያ ማን ጋ እንደሚቀመጥ አያለሁ። አንቺ ሙት ነሽ፣ ወደ ግድግዳሽ ዙሪ።» ስልካቸውን አነሡ። «ድምፅ ልንሰጥ አይደል? እኔ ልጄን ነው የማባርረው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ከሃዲ አይደለሁም፣» አለ።

«እሷን ከሃዲ ያደረጋት ስልኩ ነው። አንተን ማን አደረገህ?»

ተጫኑት። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ሰው የደፋሁት እኔ፣ የሚባረረው እሱ። ላዝንለት ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። ያንን ክንድ ወድዶ ያንን ክንድ የደበቀ ሰው ነው። ስሙ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ ጨዋታውን ለማሸነፍ አልነበረም።

ስልኩ ድምፆቹን አንድ በአንድ አሳየን። ሦስቱም የእሱ ስም ላይ ነበሩ። ሦስተኛውን የሰጠው ራሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

የእሱ አሻንጉሊት ከፋብሪካው በር ተገፍትራ ወጣች፣ ከሥሯም ጽሑፍ መጣ፦ «የተባረረው ከሃዲ አልነበረም።»

«ስልክ ምን ያውቃል፣» አሉ እናቱ፣ አጠፉት።

ሬዲዮ ወንበሩን አዙሮ መጣና ለመናገር አፉን ሲከፍት እህቱ ዳቦ አጎረሰችው። እኔ ከልማዴ ሳህኖቹን ላነሣ ብድግ አልኩ። እናቱ ክንዴን ያዙ፤ አራቱን ሳህን የምደረድርበትን። «ተቀመጪ። እሱ ያነሣል። አንተ፣ ነገ ምሳ ሰዓት እሷ ጋ ነው የምንበላው፣ እኔም እመጣለሁ። እነዚያን ክራቫታም ጓደኞችህንም ይዘህ ና። የአውቶቡሱን ዕዳ እዚያ ትከፍለኛለህ።»

እሱም ሳህኖቹን ሰበሰበ። ትልቁን ትንሹ ላይ ጫነ፣ ማንኪያውን አንጠባጠበ፣ ወጥ ቤት ድረስ እያንቋቋ ሄደ። «ባዶ እጅህን አትመለስ፣» አልኩት ከኋላው። ሹካውንም ጣለው። እያዘንኩ ሳቅኩ፤ ይቅር አላልኩትም ነበር፣ ግን ቦርሳዬን መፈለግ ትቻለሁ።

በማግስቱ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። እናቱ ከሁለት የባንክ ሰዎች ጋር መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሱም አጠገባቸው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሾርባቸውን ክንዴ ላይ ደርድሬ እንደ ሁልጊዜው በትከሻ በኩል መጣሁ። ከባንክ ሰዎቹ አንዱ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ቁንዶ በርበሬ አምጪ» አለኝ።

እጮኛዬ ተነሥቶ ቆመ። ወንበሩ ተገፍቶ ወደቀ።

«እጮኛዬ ናት፣» አለ። ጠረጴዛው እንዲሰማ ነበር ያሰበው፤ ድምፁ ግን አምልጦት አዳራሹ ሁሉ ሰማ። «እዚህ አስተናጋጅ ናት። እናቴ ደግሞ ይቺ ናት፣ አውቶቡስ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበረች።»

ሰው ሁሉ ማንኪያውን ይዞ ዞረ። እኔ አለመታየት ሥራዬ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ስንት ጊዜ ስመላለስ እንዲህ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። እናቱ ሾርባቸው ላይ አቀርቅረው ጨው የሚያስተካክሉ መስለው ነበር። ደስ አለኝ። ደስታውን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ሾርባውን አሳረፍኩና ለቁንዶ በርበሬው ባዶ እጄን ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ይዤም በገባሁበት በር ወጣሁ።

ባልደረባዬ ቀዝቅዟል ተብሎ የተመለሰ ሙሉ ትሪ ሾርባ ይዞ በዚያው በር እየገባ ነበር፤ ተጋጨን። መጀመሪያ መጥረጊያ የጠራሁት እኔው ነኝ።